ተቅማጥ ወይም ማስመለስ የያዛቸውን አዛውንት ኩላሊት እንዴት እንጠብቅ? ደረጃ በደረጃ

«እናታችን ከትናንት ጀምሮ ያስቀምጣቸዋል፣ የቀመሱትም አይረጋላቸውም። የግፊት ክኒናቸውን ይዋጡ ወይስ ይዝለሉት?» ይህ ጥያቄ ሳያቋርጥ ይመጣል። ችግሩ፣ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በሦስተኛው ቀን፣ ሽንታቸው ከጠፋና መፍዘዝ ከጀመሩ በኋላ መሆኑ ነው። ከዚህ በታች ያለው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ቤት ውስጥ እንዴት እንደምትጠቀሙባቸው፣ መቼ ሐኪም ዘንድ እንደምትሄዱና ከዚያ በኋላ ምን እንደምትከታተሉ ያሳያል።

ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት የሚባለው ኩላሊት በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ደም የማጣራት ሥራው ሲወርድ ወይም ሲቆም ነው። በዓመታት ቀስ እያለ ከሚመጣው የኩላሊት ድካም ይለያል፤ ቶሎ ከተደረሰበት ብዙ ጊዜ ይመለሳል። አዛውንቶች የጥማት ስሜታቸው ስለሚደክም ውሃ እያጠራቸውም አይጠማቸውም። በሰውነታቸው ያለው የውሃ ክምችትም ከወጣት ያነሰ ነው። የሚውጧቸው የግፊትና የልብ መድኃኒቶች ደግሞ በደህናው ቀን ቢጠቅሙም ውሃ ሲያጥር ኩላሊት ራሱን የሚከላከልበትን መንገድ ይዘጉበታል።

ይህን ሳትጨርሱ ወደ ሆስፒታል የሚያስኬዱ ምልክቶች

ከእነዚህ አንዱ ካለ ቤት ውስጥ አትሞክሩ፦

- ለ12 ሰዓት ምንም ሽንት ካልወጣ፣ ወይም ሽንት እየመጣቸው መሽናት አቅቷቸው ከእምብርት በታች ካበጠ
- ትንፋሽ ካጠራቸው ወይም ጋደም ማለት ካልቻሉ
- አዲስ መቃዠት፣ ሰው አለመለየት ወይም ቀን ሙሉ አልነቃ ማለት ካለ
- የልብ ምት መዛባት፣ የደረት ሕመም ወይም እግር ድንገት መዛል ከተሰማቸው
- ሰገራቸው ደም ካለው ወይም እንደ ሬንጅ ከጠቆረ
- የቀመሱትን ፈሳሽ ሁሉ ለ6 ሰዓት እያስመለሱት ከሆነ
- ወድቀው ለረጅም ሰዓት ሳይነሱ ከቆዩ በኋላ ሽንታቸው እንደ ጥቁር ሻይ ከሆነ (የተጎዳ ጡንቻ የሚለቀው ነገር ኩላሊትን ይዘጋል)

ኢትዮጵያ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ አሜሪካ 911፣ እስራኤል 101፣ አብዛኛው አውሮፓ 112 ነው።

መቃዠቱን «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉት። ትናንት የልጅ ልጆቻቸውን በስም ሲጠሩ የነበሩ ሰው ዛሬ ካልለዩ ያ ሕመም ነው፤ እርጅና በአንድ ሌሊት አይመጣም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ኦ.አር.ኤስ (ሕይወት አድን ንጥረ ነገር)፣ ቢያንስ 4 ፓኬት
- የ1 ሊትር ሃይላንድ ጠርሙስ፣ ወይም ሁለት ባለ ግማሽ ሊትር
- ለሽንት፦ አናቱ የተቆረጠ የ2 ሊትር ሃይላንድ ወይም ግልጽ ጆግ፤ ለሴቶች ፖፖ ይጨመራል
- መርፌ የሌለው ባለ 50 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ እና ማርከር
- የክንድ ግፊት መለኪያ፣ የሰው ሚዛን፣ ቴርሞሜትር
- የስኳር ሕመም ካለባቸው የስኳር መለኪያ
- ደብተርና እስክሪብቶ
- የሚወስዷቸው መድኃኒቶች በሙሉ ከነካርቶናቸው፣ ከውጭ የተላኩትንና ትራስ ሥር ያሉትን ጨምሮ

ሚዛንና ግፊት መለኪያ ከሌላችሁ ከጎረቤት ተዋሱ፤ ለሁለት ቀን ነው የሚያስፈልገው። ሽንት መለኪያው ግን ፈጽሞ አይቀር።

1. መነሻውን ጻፉ

ደብተሩ ላይ ቀኑን፣ ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት፣ የዛሬ ክብደታቸውን፣ ግፊታቸውንና ሙቀታቸውን ጻፉ። ቀጥሎ ያለፈውን የላቦራቶሪ ወረቀት ፈልጉና «ክሪያቲኒን» የሚለውን ቁጥር ከነቀኑ ገልብጡ። ክሪያቲኒን ከጡንቻ የሚመጣ፣ ኩላሊት የሚያስወግደው ቆሻሻ ነው፤ ማጣራቱ ሲወርድ ደም ውስጥ ይከማቻል። ይህ የድሮ ቁጥር ለምን እንደሚያስፈልግ ደረጃ 6 ላይ ታዩታላችሁ፤ እሱን ይዞ መሄድ ሐኪሙን ከግማሽ ቀን ግምት ያድነዋል።

2. መድኃኒቶቹን ጠረጴዛ ላይ አውጥታችሁ ለዩ

ብዙ ጥፋት የሚደርሰው እዚህ ነውና አትቸኩሉ።

መጀመሪያ ምክንያቱን እንይ። ኩላሊት ውስጥ ደም የሚጣራባቸው ጥቃቅን የደም ሥር ጥቅሎች አሉ፤ እያንዳንዱ መግቢያና መውጫ አለው። ደም ሲያንስ ኩላሊት መግቢያውን ሰፋ፣ መውጫውን ጠበብ አድርጎ የማጣሪያውን ግፊት ያቆያል። የሕመም ማስታገሻዎቹ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን መግቢያው እንዳይሰፋ ያግዱታል። የግፊት ክኒኖቹ ኢናላፕሪልና ሎሳርታን መውጫው እንዳይጠብ ይከለክላሉ። የሚያሸናው ክኒን ደግሞ ተቅማጡ ያልወሰደውን ውሃ ያስወጣል። ሦስቱ በአንድ ሰው ላይ ከተገናኙና ተቅማጥ ከተጨመረ ኩላሊቱ በሁለትና በሦስት ቀን ሊቆም ይችላል።

ሀ. ጨርሶ የማይሰጡ። ዲክሎፌናክ በክኒንም በመርፌም፣ አይቡፕሮፌን፣ ኢንዶሜታሲን፣ ናፕሮክሲን። ከአሜሪካ በሻንጣ የሚመጡት አድቪል (አይቡፕሮፌን) እና አሊቭ (ናፕሮክሲን) እዚህ ውስጥ ናቸው። ታይሌኖል ግን ፓራሲታሞል ስለሆነ ሌላ ነው። ለትኩሳትና ለቁርጥማት ባለ 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል ስጡ፤ በ24 ሰዓት ከ6 ፍሬ አይለፍ፤ ክብደታቸው ከ50 ኪሎ በታች ከሆነ ወይም የጉበት ሕመም ካለባቸው ከ4 ፍሬ አይለፍ። ለወገብ ሕመም ሰፈር ክሊኒክ የሚወጉት መርፌ ብዙ ጊዜ ዲክሎፌናክ ነውና «ባለፈው ሳምንት መርፌ ተወግተው ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ።

ለ. ለጊዜው የሚቆሙ፦ ሐኪም ጠይቃችሁ፣ በመጀመሪያው ቀን። የሚከተሉት በቀን ሦስትና ከዚያ በላይ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ሲኖር፣ ተደጋጋሚ ማስመለስ ሲኖር ወይም መጠጣት ሲያቅታቸው ብዙ ጊዜ ለጊዜው እንዲቆሙ ይደረጋል፦

- ኢናላፕሪል፣ ሊሲኖፕሪል፣ ሎሳርታንና የመሳሰሉት
- የሚያሸኑ ክኒኖች፦ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ፉሮሴማይድ (ላሲክስ)፣ ስፓይሮኖላክቶን
- ሜትፎርሚን (ይህና ቀጣዮቹ የስኳር መድኃኒቶች ናቸው)፦ ኩላሊት ሲደክም ተከማችቶ ደምን አሲዳማ ሊያደርግ ስለሚችል
- ግሊቤንክላሚድ፦ ሳይበሉ ከወሰዱት ስኳራቸውን በአደገኛ ሁኔታ ስለሚያወርድ፤ ኩላሊት ካላስወጣው ደግሞ አንዴ ከወረደ በኋላ ደጋግሞ ሊያወርደው ይችላል
- ዳፓግሊፍሎዚን ወይም ኢምፓግሊፍሎዚን፦ ውሃ ያስወጣሉ፤ ምግብ በማይበላበት ቀን ደግሞ ስኳሩ ከፍ ሳይል እንኳ ደም በአሲድ እንዲሞላ ሊያደርጉ ይችላሉ

ለሐኪሙ ወይም ለሚከታተሏቸው ክሊኒክ ደውሉና የመድኃኒቱን ስም ከነመጠኑ አንብቡ፤ ስንት ጊዜ እንዳስቀመጣቸውና ግፊታቸውን ተናገሩ። የልብ ድካም ያለባቸው ከሆነ ፉሮሴማይዱን በራሳችሁ አታቁሙ፤ ለእነሱ አንድ ቀን መዝለል ሳንባ ውስጥ ውሃ ሊያቁር ይችላል። ሐኪም ማግኘት ካልቻላችሁ ጥያቄውን እስከ ነገ አታሳድሩት፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው። የቆመው መድኃኒት የሚመለሰው ተቅማጡ ቆሞ ከ24 እስከ 48 ሰዓት እንደ ወትሮው ከበሉና ከጠጡ በኋላ ነው።

ሐ. የማይቆሙ። ኢንሱሊን (መጠኑ ይስተካከላል እንጂ አይተውም)፣ ፕሬድኒሶሎን፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ እንደ አቴኖሎል ያሉ የልብ ምት የሚያረጋጉ ክኒኖች። በድንገት ሲቋረጡ የራሳቸውን አደጋ ያመጣሉ። ካስመለሱት ደውላችሁ ጠይቁ።

የስኳር ሕመም ካለባቸው በየ4 ሰዓቱ ለኩ፣ ሌሊትም ጭምር። ከ70 (ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር) በታች ከሆነ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጣችሁ ስጡና ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኩ፤ አሁንም ዝቅ ካለ ስኳሩን ድገሙ። ግሊቤንክላሚድ ወስደው ከወረደባቸው ቢሻላቸውም ሆስፒታል ሊታዩ ይገባል።

የሚያስቀምጥ ወይም የሚያስመልስ ባህላዊ መድኃኒት፣ ኮሶን ጨምሮ፣ በእነዚህ ቀናት አይሰጥ። ተቅማጥ ማቆሚያ ክኒንም ትኩሳት ወይም ደም ካለ አይሰጥ።

3. ፈሳሹን ለክታችሁ ስጡ

የፓኬቱን ጀርባ አንብቡ። እኛ አገር የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ ለ1 ሊትር ነው፤ ውጭ አገር ለ200 ሚሊ ሊትር የተዘጋጀም አለ። ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም የታሸገ ውሃ 1 ሊትር ለኩ፣ ፓኬቱን በሙሉ ጨምሩ፣ በጥብጡ። ግማሹን ፓኬት በግምት በብርጭቆ መበጥበጥ ጨውን ያበዛል ወይም ያሳንሳል። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈውን ድፉ።

ፓኬት እስኪገኝ፦ 1 ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው። ልሙጥ ማለት በቢላ ጀርባ የተስተካከለ ነው። ከእንባ በላይ ጨዋማ ከሆነ ድፉትና እንደገና ሥሩ።

አሰጣጡ ላይ ትዕግሥት ይጠይቃል። የሚያስመልሳቸው ከሆነ 1 የሾርባ ማንኪያ (15 ሚሊ ሊትር) በየ3 ደቂቃው ስጡ። በሰዓት 300 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ ይህ ደግሞ በአንድ ትንፋሽ ጠጥተው ከሚያስመልሱት ሙሉ ብርጭቆ ይበልጣል። ካስመለሱ 10 ደቂቃ ቆዩና ቀጥሉ። ማስመለሱ ሲቆም ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ 200 ሚሊ ሊትር፣ በዚያ ላይ በቀን ወደ 1.5 ሊትር አጥሚት፣ ሾርባና ውሃ ይድረሳቸው። «ጠማሽ ወይ እማዬ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ ሁልጊዜ «አይ» ነው። ብርጭቆውን እጃቸው ላይ አድርጉና አብራችሁ ቁጭ በሉ። ሽንት ቤት መመላለሱን ፈርተው ከሆነ የማይጠጡት፣ ፖፖውን አልጋቸው አጠገብ አስቀምጡላቸው።

ውሃ ብቻ ማጠጣት በቂ አይደለም። ተቅማጥ ጨውም ይወስዳል፤ ባዶ ውሃ ብቻ ሲተካ የደም ሶዲየም ይወርዳል፣ በተለይ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ በሚወስዱ ሰዎች። ለስላሳ መጠጥ ስኳሩ ብዙ ስለሆነ ውሃ ወደ አንጀት ስቦ ተቅማጡን ያባብሳል። «ግፊት አለባቸው፣ ጨው ያለው አይሆንላቸውም» ተብሎ ኦ.አር.ኤስ የሚከለከሉም አሉ። በእነዚህ ቀናት የምትሰጡት ጨው የፈሰሰውን መተኪያ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ የልብ ድካም ያለባቸው፣ ኩላሊታቸው ቀድሞ የተጎዳ ወይም ዲያሊሲስ (ደም በማሽን ማጣራት) ላይ ያሉ ሰዎች የፈሳሽ ጣሪያቸውን ከሐኪም መቀበል አለባቸው። ለማንም ቢሆን በ6 ሰዓት ውስጥ 1 ሊትር ያህል ጠጥተው ሽንት ካልመጣ ከዚያ በላይ አታስጨንቁ፤ ሂዱ። መውጫ ያጣ ውሃ ወደ ሳንባ ይሄዳል፤ ኦ.አር.ኤስ ውስጥ ያለው ፖታሲየምም (ሲበዛ ልብን የሚያዛባ ማዕድን) ደም ውስጥ ይጠራቀማል።

4. ሽንቱን ለኩ

በሲሪንጁ 50 ሚሊ ሊትር ውሃ እየጨመራችሁ በተቆረጠው ጠርሙስ ላይ በማርከር መስመር አስምሩ፤ እስከ 500 ድረስ። ጠዋት የመጀመሪያውን ሽንት አስደፉና ሰዓቱን ጻፉ፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣው ሁሉ ይለካል።

ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ክብደታቸውን ለሁለት አካፍሉ። ያ ቁጥር በሰዓት ሊወጣ የሚገባው ትንሹ ሽንት ነው፣ በሚሊ ሊትር። 50 ኪሎ ለሆኑ እናት 25፤ በ6 ሰዓት 150 ማለት ነው። ለ60 ኪሎ 30፤ በ6 ሰዓት 180። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት የወጣው ከዚህ ካነሰ ኩላሊቱ እየተጎዳ ሊሆን ይችላል፤ የዚያኑ ዕለት ደም መመርመር አለባቸው።

የደብተሩ አጻጻፍ እንዲህ ይሁን፦

1፡00 — የመጀመሪያ ሽንት ተደፋ
1፡30 — ኦ.አር.ኤስ 200
3፡20 — ሽንት 60፣ ጠቆር ያለ ቢጫ
4፡00 — ተቅማጥ፣ ኦ.አር.ኤስ 200
6፡45 — ሽንት 40፣ የሻይ መልክ

እኚህ ሰው 50 ኪሎ ቢሆኑ በ6 ሰዓት 150 ይጠበቅ ነበር፤ የወጣው 100 ነው። ቁጥሩን ይዛችሁ ሂዱ።

ሽንትና ተቅማጥ ከተቀላቀለ አትገምቱ፤ «ተቀላቅሏል» ብላችሁ ጻፉ። ዳይፐር የሚጠቀሙ ከሆነ ደረቁን በወጥ ቤት ሚዛን መዝኑ፣ እርጥቡን መዝኑ፣ ቀንሱ፤ 1 ግራም 1 ሚሊ ሊትር ነው። ለ6 ሰዓት የደረቀ ዳይፐር በራሱ የማስጠንቀቂያ ምልክት ነው።

ክብደትን በየጠዋቱ፣ ከሽንት በኋላ፣ በተመሳሳይ ልብስ መዝኑ። በአንድ ቀን የጠፋ 1 ኪሎ ወደ 1 ሊትር ውሃ ነው። በሌላ በኩል ሽንት እያነሰ ክብደት ከጨመረ ውሃው ውስጥ እየቀረ ነው። ግፊታቸውን ደግሞ ተቀምጠው ለኩ፣ ከዚያ አቁማችሁ በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ለኩ፤ ሁለት ሰው ይያዛቸው። የላይኛው ቁጥር 20 እና ከዚያ በላይ ከወረደ ፈሳሽ አጥሯቸው ሊሆን ይችላል። ወትሮ 150 የሚለኩ ሰው 100 ሲሆኑ «ግፊቱ ተስተካከለ» አትበሉ፤ ኩላሊታቸው ከፍ ባለው ግፊት ለምዷል።

5. መውጫው እንዳልተዘጋ አረጋግጡ

በአዛውንት ወንዶች ላይ ፕሮስቴት (ከሽንት ፊኛ ሥር ያለ እጢ) ሲያብጥ ሽንት ፊኛ ውስጥ ተከማችቶ ወደ ኩላሊት ይመለሳል። አሳሳች የሚያደርገው፣ ጠብ ጠብ ማለቱ ስለማይቀር ቤተሰቡ «ኧረ ይሸናሉ፣ እንዲያውም ቶሎ ቶሎ ነው» ማለቱ ነው። ሞልቶ የሚፈስ ነው። በጀርባቸው አስተኟቸውና ከእምብርት በታች በመዳፍ ቀስ ብላችሁ ዳስሱ፤ እንደ ኳስ የጠጠረ ካለና ሲጫኑት የሽንት ስሜት ከመጣ ተዘግቷል። ውሃ ማጠጣት ጭንቀቱን ይጨምራል፤ የሚያስፈልጋቸው በጤና ተቋም የሚገባ የሽንት ቱቦ ነው። ለጉንፋን የሚወሰድ ክሎርፌኒራሚን፣ አሚትሪፕቲሊን፣ ለሆድ ቁርጠት የሚሰጥ ሃይኦሲን ይህን ሊያመጡ ይችላሉ፤ የከረመ የሆድ ድርቀትም እንዲሁ፣ በሴቶችም ጭምር። ቱቦ ያላቸው ከሆነ ቱቦው እንዳልታጠፈና ከረጢቱ ከፊኛቸው ዝቅ ብሎ እንደተሰቀለ እዩ።

6. ሐኪም ዘንድ ስትደርሱ

ደብተሩን፣ የድሮውን ላቦራቶሪና መድኃኒቶቹን በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ክሪያቲኒን፣ ዩሪያ፣ ፖታሲየምና ሶዲየም፣ የሽንት ምርመራ፣ የኩላሊትና የፊኛ አልትራሳውንድ እንደሚሠራ ጠይቁ። ፖታሲየም ከ6 በላይ ከሆነ ልብን ስለሚያዛባ ወዲያው ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ያስፈልጋል።

የክሪያቲኒን ውጤት ላይ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ነው። በ48 ሰዓት ውስጥ 0.3 (ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር) ከጨመረ፣ ወይም በ7 ቀን ውስጥ ከመነሻው 1.5 እጥፍ ከሆነ ድንገተኛ ጉዳት ነው። እናታችሁ ከሦስት ወር በፊት 0.7 ከነበሩና ዛሬ 1.2 ከሆኑ፣ ወረቀቱ «ኖርማል» ሊል ይችላል፤ ግን 0.7 ሲባዛ በ1.5 ወደ 1.05 ነው፤ አልፈውታል። ቀጭን አዛውንት ጡንቻቸው ትንሽ ስለሆነ ክሪያቲኒናቸው ከመነሻውም ዝቅ ያለ ነው፤ ለጎልማሳ የወጣ መለኪያ ይሸፍንባቸዋል። «የድሮው ቁጥር 0.7 ነበር» ብላችሁ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። በአውሮፓና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ብዙ ላቦራቶሪዎች በማይክሮሞል ስለሚጽፉ ለ88.4 አካፍሉት፤ 106 ማለት 1.2 ነው።

«ግሉኮስ ይሰካላቸው» ብላችሁ አትወትውቱ። ባዶ የስኳር ውሃ በደም ሥር ውስጥ ብዙም አይቆይም፤ በተቅማጥ የደረቀ ሰው የሚያስፈልገው እንደ ኖርማል ሳላይን ወይም ሪንገር ያለ ጨው ያለው ፈሳሽ ነው፤ ዓይነቱንና ፍጥነቱን ሐኪሙ ይወስን። ጄንታማይሲን መርፌ (ፀረ ባክቴሪያ) ወይም ለሲቲ ስካን የሚወጋ ማቅለሚያ ከታዘዘ፣ ኩላሊትን ሊጎዱ ስለሚችሉ «ኩላሊታቸው ተጎድቷል፣ ክሪያቲኒኑ ይህን ያህል ነው» በሉ።

ዲያሊሲስ ከተነገራችሁ አትደንግጡ። በድንገተኛ ጉዳት የሚታዘዘው ፖታሲየም በመድኃኒት አልወርድ ሲል፣ ሳንባ ውሃ ሲሞላ፣ ደም አሲድ ሲሆን ወይም ቆሻሻው አንጎልና ልብን ሲነካ ነው፤ ብዙዎች ላይ ኩላሊት እስኪያገግም ድረስ ብቻ ነው የሚደረገው። «አንዴ ከተጀመረ አይቆምም፣ ኩላሊት ማሽን ይለምዳል» የሚለው ወሬ ሰው ገድሏል። ኩላሊት ማሽን አይለምድም። ሐኪሙን «ለጊዜው ነው? ማገገሙን በምን ታውቃላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።

7. ከሆስፒታል ሲወጡ

ኩላሊት ሲያገግም አንዳንዴ ሽንት በጣም ይበዛል፣ በቀን 3 ሊትርና ከዚያ በላይ። ደስ ብሏችሁ መለካቱን አታቁሙ፤ ክብደታቸው እየወረደ ከሆነ እንደገና ሊደርቁ ነው። ክሪያቲኒንና ፖታሲየም ከ1 እስከ 2 ሳምንት ውስጥ ይደገም። በ3ኛው ወር ደግሞ ክሪያቲኒንና በሽንት የሚወጣ ፕሮቲን ይታይ፤ ቋሚ ጉዳት መቅረቱ የሚታወቀው ያኔ ነው።

የቆሙት መድኃኒቶች መቼ እንደሚመለሱ በጽሑፍ ተቀበሉ። ኢናላፕሪል ወይም ሎሳርታን ከተመለሰ በ1 ወይም በ2 ሳምንት ደም ይታይ። ክሪያቲኒን እስከ 30 በመቶ ከፍ ቢል ብዙ ጊዜ ይታገሡታል፤ ከዚያ ካለፈ ለሐኪሙ ይነገር።

ደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

- የግፊት መድኃኒቱን አቁሞ እዚያው መርሳት። ይህ ከወራት በኋላ ለስትሮክ ሊዳርግ ይችላል።
- ጾም ላይ ሆነው እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ ጠዋት የሚያሸናውን ክኒን መዋጥ። በሁዳዴ ይህ በየዓመቱ ይደጋገማል። ሕመማቸውን ለንስሐ አባታቸው ይንገሩ፤ ረመዳን ለሚጾሙም ለታመመ ሰው የተፈቀደ እፎይታ አለ። መጾማቸው ካልቀረ የክኒኑን ሰዓት ሐኪም ያስተካክለው።
- ጸበል ጠጥተው የሚያስመልሳቸውንና የሚያስቀምጣቸውን ከሒሳብ አለማስገባት። እሱም የሚፈስ ውሃና ጨው ነው፤ መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ በኦ.አር.ኤስ ይተካ።
- ሽንት በቀነሰበት ሰዓት «ኃይል እንዲሰጣቸው» ብርቱካን ጭማቂ፣ ሙዝና አቮካዶ ማብዛት። ፖታሲየማቸው ብዙ ነው።
- ቁርጥማቱ ስላልለቀቃቸው በሁለተኛው ቀን «አንዲት ዲክሎ ብቻ» መስጠት። በደረቀ ሰው ላይ አንዷም ትበቃለች።

ከሩቅ ሆናችሁ ለምትከታተሉ ልጆች

ስልኩ ላይ «ደህና ነኝ ልጄ» የሚለውን መልስ አትመኑ፤ እናት ልጇን ላለማስጨነቅ ነው የምትለው። አብሯቸው ያለውን ሰው አምስት ነገር ጠይቁት፦ ከጠዋት ጀምሮ ስንት ሚሊ ሊትር ሽንት ወጣ? ምን መልክ አለው? ስንት ጊዜ አስቀመጣቸው? ግፊታቸው ስንት ነው? ዛሬ ምን ምን ክኒን ዋጡ? የደብተሩን ገጽና የክኒን ካርቶኖቹን ፎቶ በቴሌግራም አስልኩ። አድቪልና አሊቭ ልካችሁ ከሆነ ዛሬውኑ ከቤት አስወጡ፣ በምትኩ የክንድ ግፊት መለኪያ ላኩ። በደህናው ጊዜ ደግሞ ክሪያቲኒናቸውን አስመርምራችሁ ቁጥሩን ከነቀኑ በወረቀት አስጽፉና የክኒን ሳጥናቸው ክዳን ላይ አስለጥፉ።